የቦኬው ሰንጋ ዋጋ

ጂብሪል ትኩስ ሳምቡሳ ሳይበላ የደንበኛ ስልክ አይፈታም ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ሳምቡሳው ቀዝቅዞ ሰውየው ሳይመጣ ሲቀር፣ ሙስሊማ መጥበሻዋን ትታ ከጭሮ መናኸሪያ ፊት ለፊት ወዳለችው የስልክ መጠገኛ ሄደች። የቆርቆሮው በር እስከ ወገብ ድረስ ብቻ ወርዷል። ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ጮኸች፤ ጩኸቷን የሰማ ረዳት ሁሉ የገለምሶ ተሳፋሪውን ጥሎ መጣ።

ኢንስፔክተር ሮማነወርቅ ስትደርስ ጠባቧ ሱቅ ሰው እንደ ጫት ታጭቆባት ነበር።

«ከሞተው በስተቀር ሁላችሁም ውጡ» አለች።

ጂብሪል ከባንኮኒው ጀርባ በጀርባው ተዘርሯል። ጭንቅላቱ የጄኔሬተሩ ብረት ላይ ተላትሞ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ደርቋል። የሸሚዙ ኮሌታ ተቀዷል። የገንዘብ መሳቢያው አልተነካም፤ መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩት አዳዲስ ስልኮችም እንደተደረደሩ ናቸው። የጠፋው የራሱ የጂብሪል ስልክ ብቻ ነው።

«ሌባ ቢሆን መስታወቱን ባዶ ያደርገው ነበር» አለ ሳጅን አብዱናስር። አብዱናስር የገለምሶ ልጅ ነው፤ ከእናቱና ከቃዲው በስተቀር አንቱ የሚለው ሰው የለም፤ ኮማንደሩን ሳይቀር አንተ ይለዋል። «አቦ፣ ይሄ ጠብ ነው።»

«ጠበኛ ስልክ ምን ያደርግለታል?»

ሳጅኑ ጢሙን አሸ። ሮማነወርቅ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ለጥገና የመጡ የሚመስሉ ስልኮች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ላይ ቁጥር ተለጥፏል፤ ስም የለም። አንዱን አብርታ አየችው፤ ይሠራል። ሁለተኛውንም አበራች፤ እሱም ይሠራል። ሦስተኛው ሽፋኑ ላይ የዘይት አሻራ ነበረበት፤ ከመሥራትም አልፎ ባትሪው ሙሉ ነው።

«አብዱናስር፣ ደህና ስልክ ማን ያስጠግናል?»

«ሴት» አለ ሳጅኑ ወዲያው። «ቤቷ ውስጥ እንዲገኝባት የማትፈልገው ስልክ ያላት ሴት።»

ሙስሊማ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«አዴ ሙስሊማ፣ እነዚህ ስልኮች የማን ናቸው?»

«የሴቶች። ከገለምሶ፣ ከቦኬ፣ ከዚሁም ከጭሮ። በገበያ ቀን ይመጣሉ፤ ስልኬ ደረሰ ወይ ይላሉ፤ ይነካካሉ፤ መልሰው ይሰጡታል። ብር ያስቀምጣሉ አሉ፤ በኢንተርኔት ነው አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አንቺ የለሽበትም?»

«እኔ ያለኝ ሳምቡሳ ነው» አለች ሙስሊማ፤ ዓይኗ ግን በዘይት አሻራው ስልክ ላይ አረፈ። ሮማነወርቅ አየች፤ አለፈችው። ቸኩላ ነበር፤ የምትፈልገው ሌላ ነበር።

«ጠበኛ ነበረው?»

«ያ የገለምሶው ጫት ነጋዴ፣ አክረም፣ ሰሞኑን መጥቶ እዚሁ በር ላይ ጮኾበታል። የሟች ወንድሜን ሚስት ገንዘብ የት ደበቅክ እያለ። ደግሞ አስተማሪው አለ፣ ተስፋዓለም። እነሱ በስልክ ሲሰዳደቡ ይውሉና እኔ ዘንድ መጥተው አንድ ሳሕን ይበላሉ። ጠብ ካልሽው ጠብ ነው።»

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ሲመለስ ትናንት ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እንደሞተ ተናገረ። ተገፍቶ ወድቋል፤ ሁለተኛ ምት የለበትም።

ተስፋዓለም በአንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒዩተር ያስተምራል። ከሮማነወርቅ ጋር ሁለተኛ ደረጃ አብረው ተምረዋል፤ ያኔም እጁን ያወጣ የነበረው መምህሩን ለማረም ነው። አሁን ዓይኑ ቀልቷል፤ የማስረዳት ጉልበቱ ግን አልቀነሰም።

«ዶላር የሚመስል ነገር ነው ሮማን፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ። ጂብሪል ብራቸውን ተቀብሎ ይለውጥላቸዋል። ከዚያ በኋላ ቁልፉ የእነሱ ነው። አሥራ ሁለት ቃል በቃላቸው ያስጠናቸዋል። ቃሎቹን የያዘች ሴት በየትኛውም ስልክ ገንዘቧን ታገኛለች። ቃሎቹን የማያውቅ ስልኩን ፈጭቶ ቢጠጣውም አያገኝም።»

«ስለዚህ ገዳዩ ስልኩን ወስዶ ምንም አልሰረቀም።»

«ሳንቲም አልተነካም። ላሳይሽ?»

የኮምፒዩተሩን ስክሪን አዞረላት። ከላይ ትርጉም የለሽ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት አለ፤ ከሥሩ ቀኖች፣ ከቀኖቹ አጠገብ መጠኖች።

«ይሄ የአንዷ ሴት አድራሻ ነው። ጂብሪል ራሱ ነው የቴሌግራም ቡድናችን ላይ የለጠፈው። ‘የአንዲት እናት የሦስት ዓመት ቁጠባ፤ እዩ፣ አልሰረቅኋትም’ ብሎ። ማንም ሰው ከየትም አገር ከፍቶ ያየዋል።»

«የማን እንደሆነ ግን አይታይም።»

«ክርክራችን እሱ ነበር!» ተስፋዓለም ከወንበሩ ተነሣ። «እሱ ምን ይላል? ገንዘቡ ይታይ፣ ባለቤቱ አይታወቅ፤ ያኔ ማንም ማንንም አያታልልም። እኔ ደግሞ ሌላ ዓይነት ገንዘብ አለ፣ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ መጠኑም የማይታይበት፤ እሱን እንጠቀም እላለሁ። የሌባ ገንዘብ ነው ብሎ ይሰድበኛል። ነጥቤ ግን ቀላል ነው። አንዲት ሴት ቦኬ ገበያ ሰንጋ ሸጠች እንበል፤ መቶ አርባ ሦስት ሺህ ብር። አምጥታ እዚህ ታስገባዋለች። ዛሬ ስሟን የሚያውቅ የለም። ነገ አንድ ሰው ቢያውቅስ? የሰንጋውን ዋጋ ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ሦስት ዓመቷን በሙሉ ነው። ያለፈውን መልሳ ልትሸፍነው አትችልም። ጂብሪል ይሄ አልገባውም። እርቃኗን ገበያ አወጣት፤ ፊቷን ስለሸፈነላት ብቻ ደኅና ናት አለ።»

ደኅና አድርጎ ተናግሯል። ሮማነወርቅ ግን ንግግር ስትሰማ ሁልጊዜ ሰዓቷን ታያለች።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ቦርደዴ፣ እኅቴ ሙሉወርቅ ቤት። እዚያ ሆኜ ቡድኑ ላይ ስከራከር አመሸሁ። ክፈቺና እይ። በመቶ የሚቆጠር ምስክር አለኝ።»

ከፈተች። እውነት ነው፤ ሲጽፍ አምሽቷል። መጀመሪያ ‘ቦርደዴ ነኝ፣ ሙቀቱ አይጣል’ ይላል። ከዚያ ስለ ሰው ገመና ረጅም ጽሑፍ አለ። ከሁሉም በታች ደግሞ አንድ መስመር፦ ‘ጂብሪል የት ገባህ? መልስ አለቀብህ?’

ያ መስመር ሲጻፍ ጂብሪል ሲሚንቶ ላይ ተዘርሮ ነበር።

ኮማንደር ህሩይ ከአዳማ ተዛውሮ የመጣ፣ ነገር ማንዛዛት የማይወድ ሰው ነው።

«ስልኮቹ እጃችን ላይ ናቸው። የሴቶቹን ስም በሙሉ አውጪልኝ። ሥራው ፈቃድ የለውም፤ ገዳዩ ከእነሱ አንዷ ወይም የአንዷ ባል ነው። መዝገቡ ላይ ይግቡ።»

«ሴቶቹ ገንዘቡን ደብቀው ነው የያዙት ጌታዬ። ከቤተሰብ ነው የሚደብቁት።»

«ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?»

ሮማነወርቅም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከዚህ የተለየ አታስብም ነበር። ስለዚህ አልተከራከረችም፤ የሦስት ቀን ፋታ ብቻ ጠይቃ ወጣች።

አክረምን ገለምሶ ጫት መጫኛው ላይ አገኙት። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ከትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ሠራተኞቹ ጫት በኮባ ቅጠል እየጠቀለሉ ያስራሉ፤ እሱ እያንዳንዱን እስር በእግሩ እየነካ ይሰድባል።

«ጮኼበታለሁ» አለ። «ወላሂ ደግሜ እጮኽበታለሁ፤ አላህ ይማረውና። ወንድሜ ሲሞት ሚስቱ ሳጂዳ ከእኔ ግቢ ነው የቀረችው። የምትቀልበው ሰንጋ የበላው የእኔን ሣር ነው። ቦኬ ወስዳ ሸጠችው። ብሩ የት አለ ስላት፣ የልጆች ልብስ ገዛሁበት ትላለች። ሰንጋ የሚያህል ልብስ ማን አየ? ጂብሪል ሱቅ ስትገባ ግን ታይታለች።»

አንድ ሠራተኛ ሳቁን ዋጠ።

«በስንት ሸጠችው?» አለች ሮማነወርቅ።

«እሱን ባውቅ እዚህ እቆማለሁ? በሽማግሌ አስጠራት ነበር። በጨርቅ ሥር ነዋ የተሸጠው!»

ሮማነወርቅ ወደ አብዱናስር ዞረች። እሷ የጭሮ ልጅ ናት፤ ከብት የምታውቀው በሥጋ ቤት ነው።

«ደላላውና ገዢው እጅ ለእጅ ይያያዙና ጨርቅ ይጣልበታል» አለ ሳጅኑ። «ዋጋው በጣት ነው የሚነገረው። ይሄን ጣት ከያዝክ ይሄን ያህል፣ ሁለቱን ከጨበጥክ ያን ያህል። ከብቱን ገበያው በሙሉ ያየዋል፤ ሻጩንም ያየዋል። ዋጋውን ግን ከሁለቱ እጆችና ከከብቱ ባለቤት በስተቀር ማንም አያውቀውም። ያልተስማማ እጁን ያወጣል። እጅ ከወጣ በኋላ ስንት አለህ፣ ስንት አልክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነውር ነው።»

«ትናንት ማታስ የት ነበርክ አክረም?»

«እዚህ! ጫት ሳስጭን። እነዚህን ሁሉ ጠይቂ።»

ተጠየቁ። ሾፌሩም፣ ጫኚዎቹም፣ ከፊት ለፊት ያለው ሱቅ ባለቤትም አንድ ነገር ተናገሩ፤ አክረም ሲሳደብ ነው ያመሸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል።

ሳጂዳ ቤት የፖሊስ መኪና ቢቆም ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። አብዱናስር እናቱን ላከ፤ ሳጂዳ ቅቤ ልትበደር የመጣች መስላ በጓሮ በኩል እናቱ ቤት ገባች። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ እጆቿ ሻካራ ናቸው፤ ስታወራ ድምፅዋን አታነሣም።

«አሰላሙ ዐለይኩም። መገደሉን ሰማሁ» አለች። «እንደ ወንድሜ ነበር። ቃሎቹን ሲያስጠናኝ ቁርኣን እንደሚያስቀራ ኡስታዝ ነበር የሚቆጣኝ። አንዷን ብትስቺ ልጆችሽ ሜዳ ላይ ቀሩ ይለኛል።»

«የለጠፈው አድራሻ የአንቺ ነው?»

ሳጂዳ የአብዱናስርን እናት አየች። አሮጊቷ ቡናማ ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ፤ በሩንም ዘጉላቸው።

«የኔ ነው። ሳይጠይቀኝ ለጠፈው። ስሜ እስከሌለ ችግር የለም አለኝ። እኅቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጭሮ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት አይቻለሁ። ለመግዛት ትንሽ ነው የቀረኝ። ሁለቱን ሴት ልጆቼን ይዤ ከአክረም ግቢ እወጣለሁ። ስሜ ፖሊስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ዛሬውኑ ይሰማል። ሣሬን የበላ ነው ይላል፤ ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ገንዘቡን አምጪ ይባላል። ብሰጥ ቤቱ ቀረ። ብከለክል ልጆቹ የወንድሜ ናቸው ብሎ ያስቀራቸዋል። ሰርቄ አይደለም የደበቅሁት።»

ሮማነወርቅ ማጽናናት አትችልበትም፤ መጠየቅ ግን ትችላለች።

«ሰንጋውን በስንት ሸጥሽው?»

አብዱናስር ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ።

«መቶ አርባ ሦስት» አለች ሳጂዳ በሹክሹክታ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ደላላው አጎቴ ነው፤ ገዢው ከሩቅ የመጣ፣ ያን ቀን ነድቶት የሄደ ነው። ማን እንደሆንሁም አያውቅም። ለጂብሪል እንኳ በአፌ አልነገርሁትም፤ ብሩን ሰጠሁት፣ ቆጠረው። ከዚያ በፊት በአጎቴ ስልክ በድምፅ ልኬለት ነበር፤ ሰንጋዬ ቦኬ ላይ ተሸጠ፣ አክረም ሳይሰማ ይዤ እመጣለሁ ብዬ። ከአጎቴ ስልክ ላይ ወዲያው አጠፋሁት።»

«ድምፁ አሁን የት አለ?»

«ስልኩ ውስጥ ነዋ። የሱ ስልክ ውስጥ።»

ከገለምሶ ሲመለሱ መንገዱ ዳገት ነው። ሮማነወርቅ ዝም ብላ ቆይታ ድንገት ተናገረች።

«አብዱናስር፣ ለምሳሌ ሰንጋ ስንት ይሸጣል?»

«መቶ ሺህ። መቶ ሃምሳ።»

«ለምሳሌ መቶ አርባ ሦስት አትልም?»

«አብጃለሁ? መቶ አርባ ሦስት የሚለው የሸጠ ሰው ነው። ለምሳሌ የሚል ሰው…» አብዱናስር መሪውን ይዞ ዞሮ አያት። «ማን ነው ያለው?»

«መንገዱን እይ። ነገ ቦርደዴ እንሄዳለን።»

ቦርደዴ ሙቀቱ የከባድ መኪና ጎማ ይሸታል። ሙሉወርቅ ከመንገዱ ዳር ለሾፌሮች ምግብ ትሸጣለች። የወንድሟን ስም ስትሰማ ፈጥና መለሰች፤ ከመፍጠኗ የተነሣ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው።

«ከኔ ጋር ነበር። ከመሸ ጀምሮ አብረን ነበርን።»

«ምን ሲሠራ አመሸ?» አለ አብዱናስር፣ የቀረበለትን ሽሮ በእንጀራ እየጠቀለለ። «ኢንተርኔት ይወዳል አሉ።»

«የቱን ኢንተርኔት? ያን ማታ መብራትም ኔትወርክም አልነበረ! ሾፌሮቹ ለየሚስቶቻቸው መደወል አቅቷቸው እኔን ሲነጫነጩብኝ አመሹ። ምን እናደርጋለን፣ ሻማ አብርተን ስናወራ አመሸን።»

ሳጅኑ ጉርሻውን አፉ ዘንድ አድርሶ አቆመ።

ሙሉወርቅ ያመሸችበትን ምሽት እውነቱን ነው የተናገረችው፤ ወንድሟን ብቻ ነው ከጎኗ ያስቀመጠችው። የቦርደዴ ፖሊስ ጣቢያም ያን ማታ ስልክ እንዳልሠራ አረጋገጠ።

ተስፋዓለም ጣቢያ ሲቀርብ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። የቦርደዴውን ሰምቶ ጥቂት አሰበና ትከሻውን ነቀነቀ።

«እሺ፣ ቦርደዴ አልነበርኩም። ጭሮ ነበርኩ፤ የት እንደሆነ የራሴ ጉዳይ ነው። ውሸት መግደል ሆነ እንዴ?»

«ሰንጋውስ?»

«የቱ ሰንጋ?»

«መቶ አርባ ሦስት ሺህ የተሸጠው።»

«ምሳሌ ነበር ሮማን።»

«ኢንተርኔቱ ላይ ቁጥር አለ፤ ጂብሪል በመነዘረበት ሒሳብ ብታሰላው መቶ አርባ ሦስት ይመጣል። ሰንጋ ግን የለበትም፤ ቦኬም የለበትም። ቦኬ ገበያ ላይ ደግሞ ሰንጋ አለ፤ ቁጥር የለም፣ ጨርቅ ሥር ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ከጂብሪል ስልክ ጋር ጠፍቷል። አንተ ግን ሁለቱንም አገናኝተህ ነገርከኝ።»

ተስፋዓለም ጠረጴዛውን አየ። ቀና ሲል ፈገግታ ቢጤ ነበረበት፤ ደስታ ግን አልነበረም።

«በጣም ጥሩ። እንግዲያስ ሴትዮዋን አምጫት። ስሟን፣ ሰንጋዋን፣ ዋጋዋን በግልጽ ትናገር፣ ትፈርም። ዘመዶቿም ይስሙ። ካላመጣሻት በእጅሽ ያለው ምሳሌ ነው። ካመጣሻት ደግሞ ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ፖሊስ ራሱ ገለጣት ማለት ነው።»

ሮማነወርቅ ክፍሉን ለቃ ወጣች። ኮማንደር ህሩይ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃታል።

«ሴትዮዋን በመጥሪያ አስመጫት። ምን ያንገራግርሻል?»

«ከጠራናት ቤቷን ታጣለች።»

«ካልጠራናት ገዳዩ ቤቱ ይገባል።»

ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ያ ነው ያናደዳት። መጥሪያ አልጻፈችም። የአብዱናስር እናት ዘንድ ደውላ መልእክት ተናገረች፦ ለሳጂዳ ሰውየው ያለውን አንድ ሳያስቀሩ ይንገሯት፤ ትምጣ አላልኩም፤ አትምጣም አላልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብታ ያን ረጅም አድራሻ ከፈተች። ከሥሩ አንድ አዲስ መስመር ተጨምሯል፤ ወጪ ነው። የቀረው ዜሮ። የሦስት ዓመቱ ቁጠባ በሙሉ፣ የሰንጋው ዋጋ ሳይቀር፣ ወጥቶ ሄዷል። የሳጂዳ ስልክ እዚያው የጣቢያው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አሥራ ሁለቱ ቃሎች ግን ሣጥን ውስጥ አልነበሩም።

ዓለም በሙሉ መውጣቱን ማየት ይችላል። ማን ቤት እንደገባ ግን የሚነግረው ማንም የለም።

ሳጂዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። አክረም ቃሉን ሊፈርም ተጠርቶ ግቢው ውስጥ ከጥላው ሥር ቆሟል። ስታልፍ አያት፤ አፉን ከፈተ።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምስክር ነኝ» አለችውና አለፈች።

ምርመራ ክፍሉ በር ላይ ቆማ «አሰላሙ ዐለይኩም» ስትል፣ ተስፋዓለም ማንም ሳይነግረው ቀና አለ። ፊቷን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ድምፅዋን ግን ያውቀዋል። አብዱናስር አየው፤ ሮማነወርቅም አየችው።

«ስሜን ጻፊ» አለች ሳጂዳ ቁጭ ብላ። «ሳጂዳ። ሰንጋው የኔ ነው። የተሸጠው ቦኬ ነው። መቶ አርባ ሦስት ሺህ ነው። ብሩን ከሰጠሁት ከጂብሪል በስተቀር ለማንም አልነገርሁም።» ከዚያ ወደ ተስፋዓለም ዞራ፣ ያኔ በድምፅ የላከችውን በኦሮምኛ ደገመችው፦ «ሰንጋን ኮ ጉርጉረሜ፤ ሰንጋዬ ተሸጠ። እንዲህ ነበር ያልሁት? አዳምጠኸዋል አይደል?»

ተስፋዓለም ፊቱን ከሳጂዳ መለሰ። ሲናገር የተናገረው ለሮማነወርቅ ነው።

«አንድ ስም ብቻ ነበር የቀረኝ። ቀኖቹ ከቦኬ ገበያ ጋር ይገጥማሉ፤ ሴትየዋ ማን እንደሆነች ብቻ ነው የጎደለኝ። ስሟን ላወጣው አልነበረም። ማወቅ እንደሚቻል ለቡድኑ ላሳይ ነበር። ‘አየህ፣ ይቻላል’ ልለው። ስልኩ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አነሣሁት፤ ድምፁን ከፈትሁ። ሊቀማኝ ኮሌታዬን ያዘ፤ እኔም ያዝሁት። ገፋሁት። የገፋሁት እንዲለቀኝ ነው።»

«ከዚያ መልስ አለቀብህ ብለህ ጻፍክለት» አለ አብዱናስር።

የጂብሪል ስልክ ኮሌጁ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ቀፎ ሥር ተገኘ፤ ተስፋዓለም ሊጥለው ሁለት ጊዜ ወጥቶ እንደተመለሰ ተናገረ። ክርክሩ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበርና አላስቻለውም።

ሳጂዳ ፈርማ ስትወጣ አክረም ኮሪደሩ ድረስ ገብቷል። ኮማንደር ህሩይም ከቢሮው ወጥቷል።

«ያ ገንዘብ ሣሬን የበላ ነው!» አለ አክረም። «የት አለ? በሕግ ፊት ትናገር!»

«አድራሻው ባዶ ሆኗል አሉ» አለ ኮማንደሩ። «ይሄስ ለምርመራው ያስፈልጋል። ኢንስፔክተር፣ ወዴት እንደላከችው ጠይቂያት።»

ሮማነወርቅ ሳጂዳን አየቻት። ሳጂዳ ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደች። ሮማነወርቅ እጇን ዘረጋች። ሳጂዳ በሻካራ እጇ ያዘቻት፣ ሻርፑንም በሁለቱ እጆች ላይ ጣለችበት። አክረም አንገቱን አስግጎ ጨርቁን አየ፤ ከጨርቁ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

አንዲትም ጣት አልተጨበጠችም። ሳጂዳ እጇን ለአፍታ ይዛት ቆየችና ቀስ ብላ አወጣች።

«እህ?» አለ ኮማንደሩ። «ምን አለችሽ?»

«አልተስማማንም» አለች ሮማነወርቅ።

አክረም አፉን ከፍቶ ዘጋው። እጅ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር እንደሌለ ከኮማንደሩ በስተቀር እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሳጂዳ ሻርፗን አራግፋ ለበሰችና ወደ መናኸሪያው ሳይሆን ወደ ከተማው ውስጥ፣ ያየችው ሁለት ክፍል ቤት ወዳለበት ወረደች።